የአውራጃው አፍንጫ

የሳውሳል ሸለቆ ሕዝብ ሆይ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ አቮካዶው ኮረብታ ያለህ ሁሉ፣ ቆብህን አውልቀህ አድምጥ። የአውራጃችን ምክር ቤት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ተቀምጦ፣ አሥራ ዘጠኝ ስብሰባ አካሂዶ፣ ሦስት አማካሪ ቀጥሮ ሁለቱን አባሮ፣ በመጨረሻ ከታላቅ ውሳኔ ላይ ደርሷል። ከእንግዲህ በዚህ ሸለቆ የሚሸተውን ከማይሸተው የሚለየው የአቶ ኦሪን ብራጋ አፍንጫ ነው። ለዚህ አፍንጫ የሸተተ ሸትቷል። ለዚህ አፍንጫ ያልሸተተ፣ አንተ አጥርህ ሥር ተደፍተህ ብታስመልስም፣ አልሸተተም። የአፍንጫው ባለቤት ቁመቱ አጭር፣ ጫማው የተንሻፈፈ፣ አውራጃውን ወደ ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለና አብዛኛውን ጊዜ በየሰው ጓሮ ዶሮ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው።

ዶሮ መቁጠሩ ቀልድ አይደለም። በመሬት አጠቃቀም ደንባችን መሠረት በመኖሪያ ቀጠና ስድስት ዶሮ ይፈቀዳል፤ ሰባተኛዋ ሕገ ወጥ ናት። ኦሪን ዕድሜውን የጨረሰው ሰባተኛዋን ሲፈልግ ነው። ኋላ የጽጌረዳ ገበያ ሞተ። አበባ ከደቡብ አሜሪካ በአውሮፕላን እየተጫነ ሲገባ የካሊፎርኒያ ጽጌረዳ የሚገዛ ጠፋ፤ የግሪንሃውስ ባለቤቶቻችንም ጽጌረዳቸውን ነቅለው ሕግ የፈቀደላቸውን ካናቢስ ተከሉ። ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ጎማ ውስጥ ሽንኩርት በስብሶ አስቡት፤ ያንን ትራሳችሁ ውስጥ አስገቡት። ግማሹ ሕዝብ ልንሞት ነው አለ። ሌላው ግማሽ የሸተታችሁ የእኛ እንጀራ ነው አለ። ምክር ቤቱ ሁለቱንም ወገን እኩል ስለሚፈራ፣ ጥፋቱን የሚሸከምለት አንድ አፍንጫ ፈለገ።

ደንቡ ሲያዩት ቀላል ነው። ሽታው ከአትክልተኛው አጥር አልፎ ጎረቤት መሬት ላይ መድረስ የለበትም። ትልቁ ኩባንያ፣ አርባ ግሪንሃውስ ያለው፣ ይህን ባነበበ በሳምንቱ ዙሪያውን ያለውን መሬት ሁሉ ገዝቶ አጥሩን አራቀ። ሽታው አሁን የሚወድቀው በገዛ መሬቱ ላይ ነውና ሕጋዊ ሽታ ሆነ። ደንቡ የቀረው መሬት መግዛት ለማይችሉት ነው።

ለልኬቱም መሣሪያ ተገዛ። መለከት የመሰለ ቱቦ ነው፤ በአንድ ጫፉ አፍንጫ የሚገባበት ጭምብል፣ በጎኑ የሚዞር ቁጥር አለው። አንድ እጅ የውጭ አየር ከንጹሕ አየር ጋር ይቀይጣል፤ ከሁለት እጅ፣ ከአራት እጅ፣ ከሰባት እጅ ጋር። በሰባት እጅ ንጹሕ አየር ተበርዞም የሸተተ እንደሆነ ጥፋት ነው፤ ቅጹ ላይ ሰባት ይጻፋል። ሦስት ጊዜ ሰባት የተጻፈበት አትክልተኛ ፈቃዱን ይነጠቃል። መሣሪያው ግን በራሱ አያሸትም፤ የሰው አፍንጫ ይፈልጋል። ልኬት ባለበት ጠዋት ቡና የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ሽታ ያለው ሳሙና የለም። ከቢሮው ማንም አልወደደውም። ኦሪን እሺ አለ። እሺ ማለት ዋናው ሙያው ነው።

አንድ ዓመት ሠራ። በየካቲት ትኩሳት ያዘውና ሳምንት ተኝቶ ተነሣ። በተነሣ በሦስተኛው ቀን ምድጃው ላይ ቋሊማ ጥዶ ጋዜጣ ሲያነብ ሚስቱ ዜልያ እያሳለች ከመኝታ ቤት ወጣች።

«ኦሪን፣ ቤቱ እየነደደ እኮ ነው» አለችው።

ቀና ብሎ ጭሱን አየው። አየው እንጂ አልሸተተውም።

ሐኪሙ ማሽተቱ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። ይህን ለማለት ስንት ዓመት እንደተማረ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

አሁን እዚህ ላይ ብልህ የሆነ አንባቢ ሁሉ ለምን ለአለቃው አልተናገረም ይላል። አንተ ኩላሊትህ ጤነኛ ነው መሰለኝ። የዜልያ ኩላሊት ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ደሟ በማሽን ይታጠባል። ያን ማሽን የሚሸፍነው የኦሪን የመንግሥት የጤና መድን ነው። በመስከረም መጨረሻ ሃያ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ጡረታውም መድኑም ለሁለቱም ዕድሜ ልክ ይጸናል። ከመስከረም በፊት ከሥራ ከወጣ ግን ምንም የለም። ዶሮ ቆጠራው ደግሞ ለአንድ ወጣት ተሰጥቷል፤ ወጣቱ ከሰማይ በድሮን ይቆጥራል። ለኦሪን የቀረው የሥራ መደብ አፍንጫው ብቻ ነው። በአጭሩ፣ የኦሪን አፍንጫ የዜልያ ኩላሊት ነበር።

መላውን ያመጣችው ዜልያ ናት። ማሽን በሌለባት ቀን ልኬት ሲኖር በመንግሥት መኪና አብራው ትሄዳለች፤ መስኮቱን ዝቅ ታደርጋለች፤ ኦሪን መሣሪያውን አፍንጫው ላይ ደቅኖ አጥሩ ሥር እንደ መለከት ነፊ ሲቆም እሷ በጣቷ ትነግረዋለች። ሁለት ጣት፣ አራት ጣት፣ ወይም አምስትና ሁለት። ያለ መሣሪያ እስከ ሰባት እጅ የምትለካ ሴት ከዚህ ሸለቆ ሌላ የትም የለችም። ማታ ማታም ሥራውን ትገመግምለታለች።

«ለዛሬው አራት ማለቴ ለሰውዬው አዝኜ ነው» ትለዋለች። «እውነቱን ከሆነ አምስት ነበር።»

«አምስት የሚባል የለም ዜልያ። ከአራት ሰባት ነው።»

«እንግዲያ ደንቡን ያወጣው ሰው አፍንጫ አልነበረውም።»

በሚያዝያ፣ የያፕ ኒውከርክ አጥር ላይ፣ ዜልያ አምስትና ሁለት ጣቷን አነሣች። ያ እውነተኛ ሰባት ነው። ያን ቀን ውሾች እንኳ መንገድ ቀይረው ሄደዋል። ያፕ አራት ግሪንሃውስ ያለው፣ አያቱ ከሆላንድ የጽጌረዳ ቁራጭ በሻንጣ ይዘው የመጡ፣ ሥራውን ሁሉ ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚሠራ ሰው ነው። ሰባቱን ሲሰማ አልተከራከረም፤ ሽታ የሚይዝ የከሰል ማጣሪያ አስገባ።

ከያፕ አጥር ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ወይዘሮ ቨርና ስቶዳርድ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ነው፤ የሸለቆውን ልጆች ፒያኖ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ እስካሁን አራት መቶ አሥራ ሁለት የሽታ ቅሬታ ያስገቡ ሴት ናቸው። ሦስት መቶ ዘጠና አንደኛው ግን የሽታ አልነበረም። በመንግሥት መኪና ውስጥ ሴት ተቀምጣ በጣቷ ትጫወታለች ይላል።

አለቃው ዴላ ክሪተንደን ኦሪንን ጠሩት። መኪናው ሚስት ለመጫን እንዳልተመዘገበ፣ ዜልያ መኪናው ውስጥ ብትጎዳ ማን እንደሚጠየቅ፣ ይህን በመሰለ ነገር ስሙን ማበላሸት ለጡረታ ለቀረበ ሰው እንደማያምር አስረዱት። ኦሪን እሺ አለ።

ከዚያ በኋላ ብቻውን ነው። በሰኔ ወር ወይዘሮ ቨርና ደውለው ጠሩት፤ ያፕ አጥር ሥር ቆመ፤ መሣሪያውን ደቀነ። ምንም። ነፋሱን ጉንጩ ላይ ይሰማዋል፤ ሽታ ግን የለም። ምን ያድርግ? በመሣሪያው ጠርዝ ሰርቆ የወይዘሮ ቨርናን ፊት አየ። ፊታቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨምቋል። ይህን ያህል ፊት በውሸት አይጨመቅም አለና ሰባት ጻፈ። ያፕ ያን ጊዜም አልተከራከረም፤ ሁለተኛ ማጣሪያ አስገባ። ለሦስተኛ ሰባት የሚሆን ማጣሪያ ግን አልተሠራም። ሦስተኛው ሰባት መጨረሻ ነው።

በሐምሌ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቅሬታ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ገባ። ለመስከረም መጨረሻ አሥር ሳምንት ቀርቷል።

ኦሪን ሲደርስ ወይዘሮ ቨርና ሐምራዊ የቤት ልብሳቸውን ለብሰው፣ መሐረብ በእጃቸው ይዘው አጥሩ ሥር ቆመዋል። ከአጥሩ ወዲያ ያፕ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ደንቡ እንደሚያዘው ኦሪን ለሁለቱም ሰላምታ ሰጠ፤ ደንቡ እንደሚያዘው በየትኛው ወገን እንዳዘነ አላሳየም። መሣሪያውን ደቀነና ቁጥሩን አዞረ። የራሱን ትንፋሽ ብቻ ሰማ። ወደ ወይዘሮ ቨርና ሰረቅ አድርጎ ቢያይ ግንባራቸው ትንሽ ኮስተር ብሏል። እሱም ለወጉ ትንሽ ኮስተር አለ። እሳቸው አፍንጫቸውን ሰበሰቡ። ነገሩ ከበድ ያለ ነው ማለት ነው ብሎ እሱም ሰበሰበ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አጣመሙ። እሱም አጣመመ። ኮምጣጤ እንደጠጡ ሁለት ሕፃናት ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ሲያጨማድድ ሌላው ሲብስበት፣ ደቂቃ ሙሉ ሄዱ።

ያፕ ይህን አይቶ አይቶ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ቁጥሩን ከመጻፉ በፊት አንድ ጊዜ ወደ እሱ ግቢ እንዲዞር ለመነው።

ኦሪን ዞረ። ያፕ የመጀመሪያውን ግሪንሃውስ በር ከፈተ። ባዶ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ባዶ ነው፤ ወለሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ የችግኝ ማሰሮዎቹ ተገልብጠው ተደርድረዋል።

«ከቆረጥን ዘጠኝ ቀናችን» አለ ያፕ። «አዲስ ችግኝ አላስገባሁም። ሦስተኛው ሰባት ቢመጣስ ብዬ ፈራሁ። ወለሉን ሁለት ጊዜ በበረኪና አጠብነው። የሚሸት ነገር ካለ አሳየኝና እሱንም ልጠበው።»

ኦሪን ጎንበስ ብሎ ወለሉን በጣቱ ነካ።

«ምጸት እንዳይመስልህ» አለ ያፕ። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ግሪንሃውስ ውስጥ ነኝ፤ ለኔ የሚሸተኝ ነገር የለም። የምተማመነው በአንተ ነው። ሁላችንም በአንተ ነው።»

ኦሪን ወደ ወይዘሮ ቨርና ግቢ ተመለሰ። ጠጋ ብሎ፣ በአክብሮት፣ አሁን በዚህች ሰዓት በእውነት ምን እንደሚሸታቸው ጠየቃቸው። ወይዘሮ ቨርና ያፕ መራቁን በዓይናቸው አረጋገጡ።

«ምንም» አሉ።

«እንዴት ምንም?»

«ከዓምና ጀምሮ ምንም አይሸተኝም ልጄ። ሻዬም አይሸተኝ፣ የራሴ ጽጌረዳም አይሸተኝ። እርጅና ይሁን እሱ ግማት ራሱ ገድሎት ይሁን አላውቅም።»

«ታዲያ ፊትዎን ያን ያህል የሚያጨማድዱት?»

«የአንተን እያየሁ ነዋ። የተማረው አፍንጫ ያንተ ነው። አንተ ስታጨማድድ፣ አሃ፣ አለ ማለት ነው እላለሁ።»

ኦሪን ሣሩ ላይ ተቀመጠ። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ቅሬታ አቅራቢ ሣር ላይ መቀመጥ እንደማይፈቀድለት ያውቃል፤ ተቀመጠ። የሰኔው ሰባት ድቅን አለበት። አንድ አሮጊት የእሱን ፊት አይተው፣ እሱ የእሳቸውን ፊት አይቶ፣ በመካከሉ የያፕ ኒውከርክ ሁለተኛ ሰባት ተወለደ። አሁን የቀረው አንድ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ቨርና ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙት። እዚህ ላይ በእሳቸው ማላገጤን ለጊዜው አቆማለሁ፤ የተናገሩት እውነት ነውና። በመጀመሪያው ዓመት በሩን በእርጥብ ፎጣ ደፍነው የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ስድስት ሳምንት እንደተኙ፣ ፒያኖው ሳይቀር ሸትቶ ልጆች መምጣት እንዳቆሙ፣ ለቢሮው ሁለት መቶ ጊዜ ጽፈው አንድ ሰው እንኳ እንዳልመጣ ነገሩት። ዝም ካሉ ሁሉም እንደ መጀመሪያው ይሆናል ብለው ነው እስካሁን የሚከሱት። ይሽተት አይሽተት ማወቅ የማይችል ሰው የሚያርፍበት ቀን የለውም።

«ሰባት ጻፍ» አሉት። «ሞቼ እስክታርፉ ድረስ ሰባት ጻፍ።»

ኦሪን ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከዚያ ዜሮ ጻፈ። ጀግንነት ነው የሚል ካለ አይደለም። አራቱን ባዶ ቤት በዓይኑ አይቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ቁጥር ነበርና ጻፈው። ከየካቲት ወዲህ በያፕ ላይ የጻፈው እውነት ከሚያዝያው ሰባት ጋር ሁለት መሆኑ ነው።

ያፕ በአጥሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ኦሪን መኪናው ውስጥ ገብቶ እስከ ቢሮ ድረስ የሚነዳው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ነዳ።

ይሄ ነው እንግዲህ የደንባችን ጥበብ። ኦሪን ሲሳሳት አንድም ሰው አልጠየቀውም፤ ወይዘሮ ቨርናም ተስማምተው ነበርና። እውነት በጻፈ በሦስተኛው ቀን ግን ዴላ ክሪተንደን ጠሩት። ቅሬታ አቅራቢዋ በፊርማቸው ሸተተኝ ብለዋል፤ ተቆጣጣሪው ዜሮ ብሏል፤ ደንቡ አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ ሁለቱ በተለያዩ ጊዜ የተቆጣጣሪው አፍንጫ ይፈተን ይላል። ከዋና ከተማ ፈታኝ ይመጣል። ሦስት ሦስት ሆነው የሚቀርቡ ብዕሮች አሉ፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው፣ አንዱ ሽታ የተቀባ ነው፤ መልካቸው አንድ ነው። የተቀባውን መለየት ነው። አምስት ጊዜ ይቀርባሉ። ቀጠሮው ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ክፍል አሥራ ሁለት።

«ለእርስዎ እንኳ የይስሙላ ነው አቶ ኦሪን» አሉት ዴላ። «አፍንጫዎ የታወቀ ነው።»

ኦሪን እሺ አለ።

በዚያው ማታ ሳይሆን በነጋታው ወይዘሮ ቨርና ዘንድ ሄዶ ቅሬታውን እንዲያነሡለት ለመናቸው። እሳቸውም አለቀሱ፤ ግን እንቢ አሉ። አልሸተተኝም ብለው ቢፈርሙ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ወረቀት እንደሚጣል፣ ከእነሱ ውስጥ ግማሹ የእውነት እንደነበር፣ ያን የእውነቱን ዓመት ማንም እንዲሰርዝባቸው እንደማይፈቅዱ ነገሩት። ምን ይባላል። ልክ ናቸው።

እሑድ ከሰዓት ዜልያ የኩሽናውን ጠረጴዛ በብርጭቆ ሞላችው። ኮምጣጤ፣ ነጭ ጋዝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ በመካከላቸው ንጹሕ ውሃ። የኦሪንን ዓይን በፎጣ አሰረችና አንድ በአንድ አቀረበችለት። እሱ በቀረበለት ቁጥር ለማስታወስ ይታገላል፤ ኮምጣጤ እንዲህ ነበር፣ ሽንኩርት እንዲያ ነበር እያለ።

«ይሄ ሽንኩርት ነው» አለ።

«ፊትህን አታጨማድድ፤ ውሃ ነው።»

ሃያ ጊዜ ሞከሩ። ሦስቱን አገኘ፤ በጭፍኑ የሚገምት ሰው ከዚህ የበለጠ ያገኝ ነበር። ዜልያ ፎጣውን ከዓይኑ ፈታችው። ክንዷ ላይ መርፌው የሚገባበት ቦታ አብጧል። እሱ እንዲያው ሄጄ ልናገር ወይ አላት፤ ሁሉንም፣ የሰኔውንም፣ የያፕንም። ብርጭቆዎቹን ወደ ገንዳው እየወሰደች ነበር። አስቀመጠቻቸው።

«ሂድ ንገራቸው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር» አለችው። «እንደዚያ ያለች ሴት ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን መኖር እፈልጋለሁ ኦሪን።»

እሱም አልሄደም። ፈተናውን ከወደቀ መድኑ ያበቃል። ፈተናውን ካለፈ ደግሞ የሰኔው ሰባት ጸንቶ ይኖራል፤ ከዚህም ወዲያ አጥር ሥር ቆሞ የሰው ፊት ማንበቡን ይቀጥላል፤ ያፕም በአንድ ጨምዳዳ ፊት ርቀት ላይ ይኖራል። ይህን ሁሉ ያውቃል። አውቆም ለዜልያ መስከረምን ይፈልጋል።

ረቡዕ ዜልያ ማሽኗ ላይ ናት፤ መጥታ በጣቷ ልትነግረው አትችልም። እኔ በእሷ ፋንታ ልሂድ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ሸለቆ ሰላሳ ዓመት ኖሬ አፍንጫዬ ከነሱ የተሻለ ስለመሆኑ መማል አልችልም። ስለዚህ ወደ አንተ ልምጣ፣ አንባቢዬ። በማንም አጥር ሥር ቆመህ አታውቅም፤ ስለ ሽታው ግን ጠንካራ አስተያየት አለህ፤ በየጋዜጣው ስትጽፍ አይቼሃለሁ። ክፍል አሥራ ሁለት ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ወደ ፖስታ ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ይከፈታል፤ በሐምሌ ሙቀት አይዘጉትም። የብዕሮቹ ሽታ የግድግዳ ቀለም ይመስላል ይላሉ፤ ጤነኛ አፍንጫ ከውጭ ሆኖ አያመልጠውም። የተቀባው ብዕር ግራው ከሆነ አንዴ ማሳል፣ መካከሉ ከሆነ ሁለቴ፣ ቀኙ ከሆነ ሦስቴ። ያፕን አስበህ ዝም ማለትም ትችላለህ፤ እሱም ሁለት ልጆች አሉት። ብቻ እባክህ፣ ደንቡን ያወጣኸው በድምፅህ ነውና፣ ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በዚያ መስኮት ሥር ቆመህ፣ አንዱን ወይም ሌላውን፣ አንተው ራስህ ምረጥ።